ንፋስ ወጥቷል ወይ?

የፈራሁት ሲያመኝ አይደለም። ሕመሙማ ዓመታት አብሮኝ ኖሮ ቤተኛ ሆኗል፤ ሲመጣ «መጣህ ደግሞ?» ብዬ፣ ሲሄድ «ደህና ሁን» ብዬ ነበር የማስተናግደው። የፈራሁት ሆዴ ዝም ሲል ነው።

ጠዋት ነበር። ዩጋንዳ፣ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር፣ ከምኖርባት ክፍል ጓሮ፣ ቧንቧው ሥር ተንበርክኬ አስመልሳለሁ። የበላሁት ሁሉ ከትናንት ወዲያ ወጥቶ አልቋል፤ ትናንት አረንጓዴ መራራ ውሃ ነበር። ያን ጠዋት የወጣው ግን ቡናማ ሆነ፤ ሽታውም... መጻፉ ያሳፍራል፣ ካልጻፍኩት ግን ነገሬ አይገባችሁም። በታች መውጣት የነበረበት በላይ መጣ። አፌን ተጉመጥምጬ ሆዴን ብነካው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። እኔ ደግሞ ሆደ ለፍላፊ ሴት ነኝ። ቅዳሴ መሃል እንኳ እየጮኸ ከጎኔ የቆሙትን ሴቶች የሚያስቅ ሆድ ነው ያለኝ። ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩት። ጭጭ።

ያኔ «አለቀልኝ» አልኩ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። አባቷን የቀበርነው ገና በእቅፍ ሳለች ነው። ያን ሰሞን እሷ ዋንዴገያ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለ የተማሪዎች ማደሪያ ነበረች፤ ኮሮናው ብሶ መንገድ ሲዘጋ እዚያው ቀረች። ታክሲ የለም። ቦዳ የምንለው ሞተር ሳይክልም ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ተከልክሏል። ሳላያት፣ እሷም ሳታየኝ፣ በሰው አገር ብቻዋን ትቀራለች ብዬ ነው የፈራሁት። ሌላው ፍርሃት ኋላ ነው የመጣው።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ ካላችሁ፣ በአንድ ቃል ነው፤ ጨጓራ። እኛ ከጡት በታች ከእምብርት በላይ ያመመን ሁሉ ጨጓራ ነው። ዩጋንዳዎችም ያንኑ ቦታ ይዘው «አልሰርስ» ይላሉ። ሁለት አገር ከተስማማ፣ አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩት እኔ ማን ነኝና እከራከራለሁ? ደግሞስ ወጥ ሠሪ ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው በሽንኩርትና በበርበሬ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው። ጨጓራ ያልያዘው ወጥ ሠሪ የት አለ? ስለዚህ ተልባ እጠጣለሁ። ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በጥብጬ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ።

ተልባውን የምገዛው ከምሠራበት ምግብ ቤት ጎን ሱቅ ካላቸው ሰው ነው። ወሎዬ ናቸው፤ ጤፍም ምስርም ቅመምም ከአገር ያስመጣሉ። መካ ደርሰው ስለመጡ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። «እህቴ፣ አንቺ እኮ ሆድሽ ውስጥ ተልባ እየዘራሽ ነው» ይሉኝ ነበር እየመዘኑልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ሕመሙ ይተወኛል። ፋሲካ ሲደርስ፣ ቅቤ የነገሠበት ዶሮ ወጥ ሲቀርብ፣ ማታውኑ ይነሣብኛል። በቀኝ ጎኔ ይጀምርና ዞሮ ትከሻዬ ሥር ይወጋኛል። እኔም ብልሃቱን አገኘሁ፤ መጾም። ረቡዕና ዓርብን ማን ይነካብኛል? የጽጌን ጾም፣ ያ እንኳ የፈቃድ ነው፣ አንድ ቀን አላጓደልኩም። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች «ምን ያለች ጾመኛ ናት!» ይሉኝ ጀመር። ሰው ለነፍሷ ይመስለዋል፤ እኔስ ለሆዴ ነበር።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባሉት ጾም በሌለባቸው ሳምንታት ግን ክፉኛ ጣለኝ። አንቀጠቀጠኝ፣ አተኮሰኝ፣ ጎኔን ሰው ሲነካብኝ እጮህ ነበር። ኮሮና ነው ብለው እንዳይወስዱኝ ፈርቼ ቤቴን ዘግቼ ተኛሁ። ከዚያ የሰኔ ጾም ገባ። በገባ በጥቂት ቀን ሕመሙ ቁርጥ አለ። አንድ ነገር ውስጤ ፈንድቶ የተነፈሰ መሰለኝ። ሐጂ ሱቅ ሄጄ «አዩት፣ አዩት እግዜር ሲሠራ!» ብዬ ጮህኩ።

«አብሽሪ እህቴ» አሉኝ ሐጂ። «ጾምማ መድኃኒት ነው። እኛስ ለዚህ አይደል የምንጾመው።»

ተልባውንም ተውኩት። ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ማስመለሱ የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው፣ ተፈወስኩ ብዬ ለሰው ሁሉ ካወራሁ በኋላ።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ቧንቧው ሥር ሆኜ ለልጄ ደወልኩ። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ እሷ ግን «ድምፅሽ የሌላ ሰው ነበር» ትላለች። «መጣሁ» ብላ ዘጋችው። ቀጥሎ ሐጂ ጋ ደወልኩ፤ መጥተው ደግፈው እዚያው ሰፈር ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ወሰዱኝ። እኔ እንግሊዝኛው ከ«ሃው ማች» አያልፍም፤ ሉጋንዳውም የገበያ ነው። አስተርጓሚዬ ሐጂ ሆኑ።

ክሊኒክ የነበረው ልጅ እግር ሐኪም ማስኩን እስከ ዓይኑ ሥር ስቦ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ ነው የሚጠይቀኝ። የት ያምሻል፣ መቼ ጀመረሽ ይላል፤ ሐጂ ይተረጉማሉ። አንድ ጥያቄ ላይ ግን ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ግድግዳው ላይ ያለውን የሕፃናት ክትባት ሥዕል እያዩ፣

«እ... እህቴ፣ ዛሬ ንፋስ... ንፋስ ወጥቷል ወይ? ይላል» አሉ።

አየር ተቀብለሻል ወይ ነው የሚለኝ አልኩ በልቤ። ኮሮና ነው ብሎ ጠርጥሯል፣ ቤት ተዘግቶ መዋል መጥፎ ነው ሲሉ በሬዲዮ ሰምቼ ነበር።

«እንዴታ!» አልኩ። «ጠዋት ጠዋት ጓሮ ነው የምቀመጠው። ነፋሻ ነው ቤቴ።»

ሐጂ እፎይ ብለው «አዎ ወጥቷል» ብለው ነገሩት። ሐኪሙም ጻፈ። አልሰርስ አለ፤ ነጭ እንክብልና ነጭ ሽሮፕ ሰጠኝ፤ ካልተሻለሽ ተመለሺ ብሎ ሸኘኝ።

ሽሮፑ ከአፌ ሳይወርድ ተመለሰ።

ልጄ ከሰዓት ላይ ደረሰች። ከዋንዴገያ ካባላጋላ በእግሯ! ቀይ አፈር እስከ ጉልበቷ ወጥቶ፣ አንገቷ ላይ ላቡ መስመር ሠርቶ። ገና በር ላይ ስትታይ «አሁን ብሞትም አይቆጨኝ» አልኩ፣ እውነቴን ነው፣ አሁንማ አየኋት። እሷ ግን ሰላምም አላለችኝ። ልብሴን ገልጣ ሆዴን አየች።

«እማዬ፣ ይሄ ጨጓራ አይደለም።»

«ሐኪሙ እኮ አየኝ።»

«ተነሺ» አለች። ልጄ እዚህ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፤ መለማመጫ የላትም። «አሁን ተነሺ። ሆስፒታል።»

በምን? መንገዱ ተዘግቷል። ሐጂ የእህል ማመላለሻ ሚኒባስ ነበራቸው፤ ምግብ ስለሚጭን ፈቃድ አለው። ከኋላ ወንበር የለውም፤ ጆንያ ላይ አስተኙኝ። የምስር ጆንያ ከራሴ፣ የጤፍ ከወገቤ፤ ልጄ እግሬን አቅፋ። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ እኔ እጮሃለሁ፣ ሐጂ ከፊት «አብሽሪ! አብሽሪ!» ይላሉ። ኬላ ላይ ወታደር አስቆመን።

«ምን ጭነሃል?» አለ።

ሐጂ ምን እንዳሉት ልጄ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነገረችኝ፤ «ጤፍ፣ ምስር፣ አንዲት እናት።»

ወታደሩ በሩን ከፈተና አየኝ። ማስኩን ዝቅ አድርጎ «ባምቢ» አለ። እዚህ ሰው ሲያሳዝናቸው እንዲህ ይላሉ፤ እኛ «እኔን» እንደምንለው። በእጁ እለፉ አለን።

ሆስፒታሉ ትልቅ ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሰው እዚያ ይለያል፤ የሚያስለው ወደዚያ፣ እንደኔ ያለው ወደዚህ። በመጋረጃ የተከለለ አልጋ ላይ ተጋደምኩ። ቀዶ ሐኪሙ ሸበቶ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን አሙቀው ነው ሆዴን የነኩት፣ ይህን አልረሳም። መስሚያቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ልጄን አንድ ነገር ጠየቋት። ልጄም ድንኳኑ ሙሉ እስኪሰማ፣

«እማዬ፣ ፈስተሻል ወይ ነው የሚሉሽ!»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ። በልጅነቴ እኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት አምልጧት፣ ከእፍረቱ የተነሣ ሰፈር የቀየረች ሴት ነበረች ይባል ነበር። እንዲህ ባለ ነገር ነው ያደግነው። «ዝም በይ!» አልኳት። እሷ ደግሞ ያልሰማሁ መስሏት፣

«ፈስ! ፈስ ወጥቶልሻል ወይ? ከመቼ ጀምሮ?»

ከመጋረጃው ጥግ ሐጂ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሲሸፍኑ አየሁ። ያኔ ገባኝ።

«ሐጂ! ጠዋት ንፋስ ወጥቷል ወይ ያሉኝ... ይሄ ነበር?»

«ታዲያ ምን ልበል እህቴ?» አሉ ከኮፍያው ሥር። «በምን አፌ? ለሰው እናት?»

«እኔ እኮ ጓሮ መቀመጤን ነው የነገርኩዎት!»

ልጄ ለሐኪሙ ስትነግራቸው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ግን ማስካቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔም በዚያ ሁሉ ጭንቅ ሳቅ ያዘኝ፤ ሳቁም ያማል። ከዚያ እውነቱን ነገርኳቸው። ከተዘጋ ሰንብቷል። በላይ ብቻ እንጂ በታች ምንም የለም።

ራጅ አነሡኝ፤ ሌላም በማሽን ውስጥ አሳልፈው አነሡኝ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያሳዩን እኔ ጭጋግ ነው ያየሁት። ልጄ እየሰማች ቆም እያለች ተረጎመችልኝ።

«ጨጓራ አይደለም። ሐሞትሽ ነው የታመመው። ሐሞት የሚጠራቀምበት ከረጢት። ድንጋይ ይዟል፣ ከድሮ። ቅባት ስትበዪ ይጨመቃል፣ ያኔ ያምሻል። ስትጾሚ ቅባት የለም፣ ዝም ይላል።»

ጽድቄ እዚያ ላይ አለቀ። በልቤ የጽጌን ጾም ተሰናበትኩ።

«ከፋሲካ በኋላ ያመመሽ ጊዜ ቆስሎ ከአንጀትሽ ጋር ተጣበቀ። ከዚያ በሳው። የተሻለሽ ጊዜ የተሻለሽ አይደለም። ድንጋዩ በቀዳዳው ወደ አንጀትሽ ገብቶ ነው። ሲንከባለል ሄዶ ሄዶ ጠባቡ ጋ ተወተፈ። ብዙ ጊዜ አይገጥመንም ይላሉ።»

«ድንጋይ?» አልኩ። ይህ ከሁሉ በላይ ነው የነካኝ። «እኔ ምስር ስለቅም ጠጠር አምልጦኝ አያውቅም! ሐጂ ምስክሬ ናቸው። በእኔ ወጥ ጥርሱ የተሰበረ ሰው ካለ ይምጣ!»

ልጄ ተረጎመችው። ሐኪሙ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ ከምስር አይደለም፣ ራሱ ሐሞትሽ ነው የሠራው አሉ። ዛሬውኑ ከፍተን ማውጣት አለብን፤ ካልወጣ አንጀቱ ይሞታል አሉ። እሱን ልጄ ስትተረጉም ድምፅዋ ተቆረጠ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅ መሰለችኝ። እጇን ያዝኩ። ከዋንዴገያ እስከ ካባላጋላ የተጓዘ እግሯን አየሁ፣ ጫማዋ ተቀዷል።

ሐጂ ለማጽናናት ቀረብ ብለው «አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ ሐሞተ ኮስታራ ነሽ፣ እኔ አውቅሻለሁ» አሉኝ።

«ኧረ ሐጂ፣ ሐሞቴማ ድንጋይ ወልዶ ነው እዚህ የጣለኝ!»

እንደዚያ እየሳቅኩ ነው ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባሁት። ስገባ ግን ፈርቼ ነበር። ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት እያየሁ «ልጄ የምትጠራው ሰው ይኑራት፣ ሌላ አልልህም» አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ በአፍንጫዬ ቱቦ፣ ሆዴ ላይ ከላይ እስከ ታች ፋሻ። ድንጋዩን በትንሽ ብልቃጥ አሳዩኝ። የእርግብ እንቁላል ያክላል፤ ቡናማ፣ ሸካራ። ስንት ዓመት በቅቤና በዶሮ የቀለብኩት እሱን ነበር። ሐኪሙ አንጀቴን ከፍተው እሱን አውጥተው ሰፍተውኛል፤ ሐሞቴን አልነኩትም። አሁን ብዙ መቆራረጥ አይችልም ሰውነትሽ፣ እሱን ስትጠነክሪ እናየዋለን አሉ። ግን አንድ ነገር ይቀራል። አንጀቱ መነሣቱን የምናውቀው ንፋስ ሲወጣ ነው፤ እስከዚያ ውሃም ምግብም የለም።

እንግዲህ ያን የመሰለ ጥበቃ በሕይወቴ አላየሁም። ሐኪሙ ጠዋት ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን ነው። ነርሷ ትጠይቃለች። ወለል የምታጸዳው ሴት ሳትቀር ትጠይቃለች። ከጎኔ አልጋ የነበሩት አሮጊት ዩጋንዳዊት እግራቸው ተሰብሮ የተኙ ናቸው፤ እሳቸውማ ሥራቸው አደረጉት። ከትራሳቸው ቀና እያሉ «ንያቦ?» ይሉኛል፤ እመቤት እንደ ማለት ነው፤ ቅንድባቸውን ወደ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። አዝነው ተመልሰው ይጋደማሉ። አንድ ቀን ለልጄ የሆነ ነገር ነግረዋት ሁለቱም ተንከተከቱ።

«ምን አሉ?»

«እናትሽ ብትፈሳ ዶሮ አርድላታለሁ አሉ።»

«ንገሪያቸው፣ ዶሮው ነው እዚህ ያመጣኝ በያቸው።»

ልጄ አልጋዬ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ነው የምትተኛው። ፀጉሬን ትሠራኛለች። በማደሪያዋ ስለሚሸጠው ሮሌክስ፣ እንቁላል በቻፓቲ የሚጠቀለለው፣ እያወራች ታስርበኛለች። ሆዴ ግን ዝም። ሐኪሙ በመስሚያቸው ያዳምጡና «ነገ እናያለን» ይላሉ። ያ «ነገ» ነበር የሚያስፈራኝ። ልጄም ስታያቸው አየኋት። ወደ መስኮቱ ዞራ ጥፍሯን ትበላለች። ማታ ማታ እጄን ወደ ታች አንጠልጥዬ ፀጉሯን ስነካ ትነቃለች፤ «ወጣ?» ትላለች። «አልወጣም፣ ተኚ።»

አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና በመስኮቱ ስትገባ፣ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር አጉረመረመ። ሩቅ አገር እንደሚሰማ ነጎድጓድ። ልብ አላልኩትም። ደግሞ አጉረመረመ፤ አሁን ቀረብ ብሎ። ያ ለፍላፊ ሆዴ ነው፣ ድምፁን አወቅሁት፣ እንደ ጠፋ ዘመድ። በጎኔ ዞር አልኩ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ያደግኩበትን ጨዋነት ሁሉ ይቅር በለኝ ብዬ፣ ለቀቅኩት።

አጭር አልነበረም።

ከአልጋው ሥር «እማዬ?» አለች ልጄ።

«እህ።»

«አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ይሆናል?»

ብድግ ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ስፌቴን ረስታ። አሮጊቷ ከጎኔ ነቅተው ገባቸውና እልልታቸውን ለቀቁት፤ የእነሱ እልልታ ከእኛ ይረዝማል። ክፍሉ ሁሉ ነቃ። ነርሷ ኮሮና ነው ወይስ ምን ብላ ሮጣ መጣች። ሲነግሯት አጨበጨበች። በዚያ ክፉ ሰሞን፣ ሰው በየቤቱ በተዘጋበት፣ ያን ያህል ሰው ለእኔ ፈስ ደስ ብሎት አየሁ። እፍረቴ የት እንደሄደ አላውቅም። እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

ሐኪሙ መጥተው አዳመጡ፣ ሳቁ፣ ቱቦውን ከአፍንጫዬ አወጡ። በማንኪያ ውሃ ሰጡኝ። ከዚያ ቀጭን አጥሚት። ያን ውሃ እስክሞት አልረሳውም።

ልጄ ሐጂ ጋ ደወለችና ስልኩን በጆሮዬ ያዘችልኝ። ወዲያው አነሡት፤ ሱቃቸው ውስጥ ሚዛኑ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«እህቴ! እንዴት... እንዴት ነው... ያ ነገር? ንፋሱ...»

«ሐጂ፣ ፈሳሁ!»

ኮፍያቸውን ሲነኩ ታየኝ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ፣ ሱቁ እስኪናወጥ። «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ እህቴ!»

«ኧረ በአላህ፣ ቅቤ አያንሡብኝ!»

ሳቃቸው አላልቅ አለ። ሲሰክኑ፣ በሐኪም ቤት ቋንቋ ሳይሆን በራሳቸው፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤ «አሁንስ እህቴ፣ ከልብሽ ንገሪኝ። እንዴት ነሽ?»

ልጄን አየኋት። የቀረውን አጥሚት በማንኪያዬ እየጠረገች ትበላለች።

«ድኛለሁ ሐጂ» አልኳቸው። «ልጄ አጠገቤ ናት። ደህና ነኝ።»